ሦስት ጊዜ እጅ ያወጣንበት እሑድ

ሜጀር፣ ማለትም ዋና የትምህርት ዘርፍ፣ የሚመርጥ ሰው ከትምህርቱ በፊት የትምህርቱን ስም አጥብቆ ይመርምር። ይሄን የምላችሁ የሆነ ቦታ አንብቤ አይደለም፤ መከራ መክሮኝ ነው።

ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳለሁ፣ ኦክላንድ አጠገብ ባለው ኮሌጄ ኮምፒውተር ላይ አንድ ፎርም ሞልቼ፣ አንድ ቁልፍ ተጭኜ ሜጀሬን ዲክሌር አደረግኩ፤ መርጬ አስመዘገብኩ ማለት ነው። ቁልፉን ለመጫን ሦስት ሰከንድ ፈጀብኝ። ለአባዬ ለመንገር ሦስት ሳምንት። በመጨረሻም የነገርኩት ቦታ ተመርጦ አይደለም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ከኦክላንድ ወደ ሳን ሆዜ ቤታችን ሲወስደኝ፣ ኤይት ኤይቲ አውራ ጎዳና ላይ፣ መስኮቱን ከፍቶ ስለ ሙቀቱ እያማረረ ሳለ፣ «አባዬ፣ ሜጀሬን ዲክሌር አደረግኩ» አልኩት።

«ጎሽ የኔ ልጅ! ነርሲንግ?»

«አይ።»

«ኮምፒውተር?»

«ፖለቲካል ኢኮኖሚ።»

አባዬ በመጀመሪያ በሱ በኩል ያለውን መስኮት ዘጋ። ቀጥሎ በኔ በኩል ያለውን። ከዚያ የኋላዎቹን ሁለቱን። በቀኛችን ቲማቲም የጫነ ከባድ መኪና ነበር። ሾፌሩ አማርኛ የሚሰማ አይመስለኝም፤ አባዬ ግን ከቲማቲሙም ቢሆን ተጠንቅቋል።

«ማነው የመለመለሽ?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

የአባዬን ነገር ካላጫወትኳችሁ ትስቁበታላችሁ። በሱ ወጣትነት ፖለቲካል ኢኮኖሚ ሰው የሚመርጠው ሳይሆን ሰውን የሚመርጥ ትምህርት ነበር። አርብ አርብ ከሰዓት ሠራተኛው አዳራሽ ውስጥ ይታጎራል፣ አንድ ጓድ መድረክ ላይ ወጥቶ ያነብለታል፣ ያንቀላፋ ሰው ደግሞ በሳምንቱ ቆሞ ግለ ሂስ ያደርጋል። «ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ» የሚለውን ተረት ሌላው ሰው በአፉ ይለዋል፤ አባዬ በአጥንቱ ነው የያዘው። ይሄ ሰው ዲቪ ደርሶት፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ኤርፖርት ፓርኪንግ ውስጥ ሸትል የሚሉትን የሠራተኛ ማመላለሻ እየነዳ ያሳደጋት ልጁ፣ በገዛ ፈቃዷ ሄዳ ኮረንቲውን ጨበጠችለት።

«እዚህ አገር ሌላ ነው» ብዬ ላስረዳው ሞከርኩ። «ማን ምን እንደሚያገኝ፣ ያንንስ ማን እንደሚወስነው ነው የምንማረው።»

«እኛም የተማርነው እሱኑ ነው» አለኝ። «የኛ መልሱ ቀድሞ ተጽፎ ይመጣ ነበር እንጂ።»

ከሳን ሆዜ በፊት ያለችው ከተማ ሚልፒታስ ናት። ሚልፒታስ ስንደርስ ፍርዱን ሰጠ። «ይሄን ሴሚስተር ጨርሺ። ከዚያ ወደ ነርሲንግ ትዞሪያለሽ። አለቀ።»

«ኦኬ» አልኩ። ኦኬ ጥሩ ቃል ናት። እሺም አይደለች፣ እምቢም አይደለች።

እማዬ ግን ነገሩን በሌላ በኩል ያዘችው። እሷ ኦክላንድ ውስጥ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ነው የምትሠራው፣ የሌሊት ሺፍት። ስሙን ሰምታ ደስ አላት። ለቤተ ክርስቲያን ሴቶችም «ልጄ ፖለቲካም ኢኮኖሚም ነው የምትማረው፣ ሁለቱንም» ብላ አወራች። ሁለት ዲግሪ መስሏት ነው። የማያርም ሰው ደግሞ እንደ ዋሸ ይቆጠራል፤ እኔ አላረምኳትም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ትንሽ ደስ ብሎኝ ነበር።

በሳምንቱ ፓስተር ደወለልኝ።

«የእግዚአብሔር ሰላም ይብዛልሽ ልጄ። ፖለቲካና ኢኮኖሚ ነው አይደል የምትማሪው?»

«አዎ ፓስተር፣ እንደዛ ነገር ነው።»

«እንግዲያው ጌታ አዘጋጅቶሻል። እኛን የገጠመን ነገር ፖለቲካም ነው፣ ኢኮኖሚም ነው።»

የገጠማቸው ነገር ይሄ ነበር። ጉባኤያችን ትንሽ ናት፤ አባሎቿ ግን ከኤል ሴሪቶ እስከ ሳን ሆዜ እንደ ጎመን ዘር ተበትነዋል። እሑድ እሑድ የምንሰበሰበው አንድ የአሜሪካኖች ጉባኤ በሚያውሰን የሳን ሆዜ አዳራሽ ነው። አሜሪካኖቹ ሕንፃውን ሊያድሱት ስለሆነ በሦስት ወር ውስጥ ልቀቁ አሉን። የሽማግሌዎቹ ጸሐፊ ጋሽ ታደሰ ሦስት ቦታ አፈላልገው አመጡ። አንደኛው እዚያው ሳን ሆዜ የትምህርት ቤት አዳራሽ ነው፤ የሚገኘው ግን ከሰዓት ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ብቻ። ሁለተኛው አፕታውን የሚባለው የኦክላንድ ሰፈር ነው፤ ጠዋት አራት ሰዓት፣ ግን ፓርኪንግ የሚባል ነገር የለውም። ሦስተኛው ፍሪሞንት፣ ለሁሉም መሃል፣ ፓርኪንጉ ሜዳ ነው፤ የሚሰጡን ሰዓት ግን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት።

በዚህ ሁለት ወር ተጣላን። በቴሌግራም ግሩፓችን መሰዳደብ ስለማይቻል የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ ብቻ ነበር የሚለጠፈው፤ እያንዳንዱ ጥቅስ ግን የሚወጋው ሰው ነበረው። ከማለዳው አምስት ቁጥር ጥቅስ ከተለጠፈብህ እስከ ምሳ ድረስ ያነክስሃል።

«ሽማግሌዎቹ ሁሉ ወገን ይዘዋል» አለኝ ፓስተር። «አንቺ ልጅ ነሽ፣ ገለልተኛ ነሽ፣ ተምረሻል። እሑድ ከአምልኮ በኋላ ስብሰባውን ምሪልን።»

እዚህ ላይ «አልችልም ፓስተር፣ ገና ሁለተኛ ዓመት ነኝ» ማለት ይቻል ነበር። ግን በዚያው ሳምንት ሚድተርም ፈተና ላይ ዘጠና አራት አግኝቼ ነበር። ዘጠና አራት ያገኘ ሰው ለጊዜው መካሪ አይሰማም። የክፍል ጓደኛዬን ኮት ተዋስኩ። አሥራ አምስት ስላይድ ሠራሁ። ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ ትንሽ ደወል ገዛሁ። አዎ፣ ደወል።

ዘዴውንም ከክላስ ነው ያመጣሁት። ፕሮፌሰራችን ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ለድምፅ ከቀረበ፣ ብዙ ሰው የማይፈልገው ነገር ሊያሸንፍ ይችላል ብላናለች። ስለዚህ ሁለት ሁለቱን ማጋጠም ይሻላል፤ ያሸነፈው ከሦስተኛው ጋር ይጋጠማል። እሷ እርግጥ ሌላም ነገር ብላ ነበር። ሰሌዳው ላይ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ብላ ጽፋ፣ በክብ አያይዛ፣ «አንዳንዴ ግን እንዲህ ሊሆን ይችላል» ብላናለች። እኔ ያንን ክብ አይቼ፣ ይሄ ስማቸው ኤ፣ ቢ፣ ሲ የሆነ ሰዎችን የሚያጋጥም ነገር ነው ብዬ አለፍኩት። የኛ ሰዎች ስማቸው ታደሰ ነው፣ ወይንሸት ነው።

እሑድ ደረሰ። ፕሮጀክተሩ እምቢ አለ፣ ተመስገን፤ አሥራ አምስቱ ስላይድ እዚያው ኮምፒውተሬ ውስጥ ቀሩ። ስድሳ አንድ አባል ተቀምጧል። ማንም ሳያዝዘው የሳን ሆዜ ቤተሰቦች በግራ፣ የኦክላንድ ሰዎች በቀኝ ሆነዋል። በመሃል ከተሞች የሚኖሩትና ማውንቴን ቪው ባሉ የቴክኖሎጂ ድርጅቶች የሚሠሩት ወጣቶች ደግሞ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ። ሰላምታውም ያው በየረድፉ ነበር።

ድምፅ የሚቆጥር ታማኝ ሰው ይመረጥ ተባለ። ሁሉም ወደ አባዬ ጠቆሙ። ሸትል ሲነዳ ተሳፋሪ መቁጠር ሥራው ነው፤ ባለፉት ስድስት ዓመታት አንድ ሰው እንኳ አጉድሎ አያውቅም። አባዬ ተነሳ። እኔን አላየኝም። ኮቱን ቆለፈ።

ደወሌን መታሁ። «መጀመሪያ ሳን ሆዜ ወይስ ኦክላንድ? ለሳን ሆዜ እጅ የምታወጡ?»

አባዬ የራሱን እጅ አውጥቶ ራሱን ቆጠረና ቀጠለ። «ሃያ ሁለት» አለ።

«ለኦክላንድ?»

ቀኙ በሙሉ እጁን አወጣ። ወጣቶቹም አወጡ፤ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የሚጀምር አምልኮ እሑዳቸውን ይበላባቸዋላ። አባዬ በጣቱ እየጠቆመ በረድፎቹ መሃል ይሄዳል። «አሥራ ሰባት… አሥራ ስምንት…» አለና ቆመ። ከፊቱ እማዬ ተቀምጣለች። እጇ ወደ ላይ ነው። ዓይኗ ጣሪያው ላይ ነው።

ሃያ ስድስት ዓመት አብረው ኖረዋል። እኔ ደወሌን በሁለት እጄ ጨበጥኩ።

«አሥራ ዘጠኝ» አለ አባዬ፤ ጣቱንም ወደሚቀጥለው ሰው አሻገረ። ሲጨርስ ሠላሳ ዘጠኝ ሆነ።

ቀኙ «ሃሌሉያ!» አለ። ቶሎ ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ገባሁ። «ያሸነፈው ኦክላንድ ከፍሪሞንት ጋር ይጋጠማል።»

አሁን የሳን ሆዜ ሰዎች ሁሉ ለፍሪሞንት እጃቸውን አወጡ። ልጆች ጭኖ አፕታውን ፓርኪንግ ከመፈለግ ማለዳ መነሳት ይሻላል ነው ነገሩ። ወጣቶቹም ፍሪሞንት አሉ። ፍሪሞንት አርባ አንድ፣ ኦክላንድ ሃያ።

አሁን ሃሌሉያ ያለ ሰው የለም። ግን ነገሩ አልቋል፤ መሃል ላይ ያለው ቦታ አሸንፏል። ደወሌን ልመታ እጄን አነሳሁ።

«ልጄ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ።» ጋሽ ታደሰ ናቸው። ጡረታ የወጡ መምህር፣ ከመጡ ስድስት ዓመታቸው፣ ሲናገሩ ጣታቸው ጠመኔ የያዘ ይመስላል። «ሳን ሆዜን ከኦክላንድ ጠየቅሽን። ኦክላንድን ከፍሪሞንት ጠየቅሽን። ሳን ሆዜንና ፍሪሞንትን ግን አላጋጠምሻቸውም። ይሄ ትክክል ነው?»

ዝም ብዬ ደወሉን ብመታ ኖሮ ዛሬ ይሄን አልጽፍላችሁም ነበር። ግን ዘጠና አራት ያገኘ ሰው ፍትሕ ሲባል አያስችለውም። «ትክክል ብለዋል ጋሽ ታደሰ» አልኩ።

ሦስተኛ ጊዜ እጅ ወጣ። የኦክላንድ ሰዎች ብዙዎቹ እንደ እማዬ የሌሊት ሠራተኞች ናቸው። ከሥራ ወጥተው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ፍሪሞንት ይድረሱ? ተኝተው ተነስተው በዘጠኝ ሰዓት ሳን ሆዜ ቢሄዱ ይሻላቸዋል። አባዬ ቆጠረ። ሳን ሆዜ አርባ ሁለት። ፍሪሞንት አሥራ ዘጠኝ።

ግራው «ሃሌሉያ!» አለ።

«ቆይ ቆይ ቆይ!» ሲስተር ወይንሸት ብድግ አለች። የኦክላንድ ነርስ ናት፤ ድምፅዋ አልጋ ላይ ያለን ሰው አስነስቶ ያስቆማል። «ሳን ሆዜን እኮ ኦክላንድ አሸንፎታል! ሠላሳ ዘጠኝ ለሃያ ሁለት!»

«ኦክላንድን ደግሞ ፍሪሞንት አሸንፎታል» አለ ከኋላ ናቲ የሚባል ወጣት ኢንጂነር።

«ፍሪሞንትን ሳን ሆዜ አሸነፈው!» አሉ ጋሽ ታደሰ።

ናቲ ሳቀ። «ኢትስ ኤ ሉፕ!» አለ። «ዞረ እኮ!»

ያ ክብ ነበር። ከሰሌዳው ወርዶ፣ ካልሲና ጫማ አድርጎ፣ ሳን ሆዜ ድረስ ተከትሎኝ መጣ። ላብ በተዋስኩት ኮት ውስጥ ሲወርድ ይታወቀኛል። ፊት ረድፍ ወደ ተቀመጠችው እማዬ ጎንበስ ብዬ፣ በጆሮዋ፣ «እማ፣ ይሄን ነገር ክላስ ውስጥ ተምረነዋል፤ ጥያቄውን የሚደረድረው ሰው ነው መልሱን የሚወስነው» አልኳት።

ማይክሮፎኑ እጄ ላይ ነበር።

ቃሉ በአራቱም ስፒከር ወጣ። «…የሚወስነው… ወስነው…» እያለ ግድግዳውን ዞረ። ስድሳ አንድ ፊት ወደኔ ዞረ።

«እንዲህ እንደሚሆን ታውቂ ነበር?» አሉ ጋሽ ታደሰ።

«ሊሆን እንደሚችል… በቲዎሪ ደረጃ…»

«ጥያቄውን የደረደረው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«የምትኖሪው የት ነው?»

«ኦክላንድ። ግን ለትምህርት…»

«እህ!» አለ ግራው በሙሉ።

«ምን እህ ያስብላል?» አለች ሲስተር ወይንሸት። «ኦክላንድ አሸንፎ ቁጭ ካለ በኋላ የጣለችው እሷ አይደለች? ቤተሰቦቿ የት ናቸው? ሳን ሆዜ! ልጅቷ ትጠይቃለች፣ አባትየው ይቆጥራል!»

በአንድ ጊዜ ለሁለቱም ወገን ሰላይ ሆንኩ። ይሄን ያህል ችሎታ እንዳለኝ ኮሌጁም አያውቅም። ከኋላ አንድ ሰውዬ «ድሮስ ፖለቲካ የተማረ ሰው ምን ሲሆን ሰብሳቢ ይሆናል?» ሲል ሰማሁ። ሌላው «ድምፅ ሁለት ጊዜ የሰጠ ሰው አለ» አለ። ደወሌን መታሁ። ደወል ለተቆጣ ሰው ምኑ ነው? የበለጠ ጮሁ።

ከዚያ የፈራሁት መጣ። ሲስተር ወይንሸት ቦርሳዋን አነሳች። «እኛ ሃያ ነን» አለች፤ አሁን አልጮኸችም፤ ቀስ ብላ ስለተናገረች ነው ያስፈራችኝ። «ሃያ ሰው ራሱን የቻለ ጉባኤ ነው። እዚያው ኦክላንድ እንጸልያለን።»

«መልካም መንገድ» አሉ ጋሽ ታደሰ። «እኛም ሃያ ሁለት ነን።»

የቀኙ ረድፍ መነሳት ጀመረ። ወንበር ተንቋቋ። አንዷ እናት ወደ ልጆቹ ክፍል ሄዳ ልጆቿን በስም ተጣራች። ፓስተር መድረኩ ጥግ ላይ ዓይኑን ጨፍኗል፤ ይጸልይ ይሁን ይደበቅ አላወቅኩም። እኔ ገና የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ሆኜ እንግሊዝኛ ስቸገር በየሳምንቱ ያስጠኑኝ የዚችው ጉባኤ ሰዎች ናቸው። እማዬ ታማ ሆስፒታል ስትተኛ በተራ ያደሩት ሲስተር ወይንሸትና ጓደኞቿ ናቸው። ያንን ሁሉ በአንድ ከሰዓት፣ በአንድ ሚድተርም፣ ለሁለት ቆረጥኩት ብዬ አሰብኩ። በዚያች ደቂቃ ነርሲንግ ብቻ ሳይሆን አናጢነትም ቢሰጡኝ እገባ ነበር።

አባዬ መጥቶ ማይክሮፎኑን ከእጄ ወሰደ።

አባዬ በሰው ፊት አይናገርም። ጸሎት እንዲመራ ሲጠየቅ እንኳ ጉሮሮውን ያመዋል። «ቆጠራው ስህተት የለበትም» አለ። «ሚስቴን በራሴ ላይ ቆጥሬያታለሁ።»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ለመውጣት የተነሱት ባሉበት ቆሙ።

«እኔ በወጣትነቴ ይሄንን ፖለቲካል ኢኮኖሚ የሚባለውን ነገር ተምሬያለሁ» አለ። አሁን የሚስቅ ጠፋ፤ በሱ ዕድሜ ያሉት ሁሉ ቀና አሉ። «አርብ አርብ ነበር። መጨረሻ ላይ ጓድየው ‹የሚደግፍ› ይላል፣ ሁላችን እጃችንን እናወጣለን። ‹የሚቃወም› ይላል፣ የለም። ‹ድምፀ ተአቅቦ› ይላል፣ የለም። መቶ ጊዜ እጄን አውጥቻለሁ፤ መቶ ጊዜም ውጤቱን ቀድሜ አውቀው ነበር። ዛሬ ሦስት ጊዜ እጅ ስቆጥር ማን እንደሚያሸንፍ አላወቅኩም። የቤቴን ሰው እንኳ አላወቅኩም።» በጣቱ ወደኔ ጠቆመ። «ልጄ ተንኮል አልሠራችም። የጠየቀችን የምንፈልገውን ነው፤ ተዟዙሮ የተገኘው የኛው ፍላጎት ነው። ስለዚህ እባካችሁ ተቀመጡ። የሚሄድም ሰው ካለ ተነጋግሮ ይሂድ።»

ማይክሮፎኑን መልሶ ሰጠኝና በቦታው ቆመ።

ሰው ወዲያው አልተቀመጠም። መጀመሪያ የተቀመጠችው ሲስተር ወይንሸት ናት፤ ቦርሳዋን ግን ከጭኗ አላወረደችም። «እሺ ልናገር» አለች። «እኛ ፍሪሞንትን አንጠላም። ሰዓቱን ነው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እኔ ገና ለሚቀጥለው ነርስ ሥራ እያስረከብኩ ነው። ሌላ ሰዓት የላቸውም ወይ ብሎ የጠየቀ ሰው አለ?»

ሁሉም ወደ ጋሽ ታደሰ ዞረ።

«የሰጡን እሱን ነው» አሉ። «እኔማ በኢሜይል የተሻለ ሰዓት ነበር የጠየቅኩት። ማለዳውን ጣሉብን፤ ምን ይደረግ።»

«ስልካቸው አለዎት?» አልኳቸው።

ቁጥሩን ነገሩኝ፤ ናቲ ደወለና ስልኩን ማይክሮፎኑ አጠገብ አስቀመጠው። ጠራ። ጠራ። ስድሳ አንድ ሰው አንድ ስልክ ሲጠራ ያዳምጣል። አንዲት ሴትዮ አነሳች። ማን እንደሆንን ነገርኳት፤ ከአንድ ሰዓት ሌላ የሚሆን ጊዜ ይኖራችሁ እንደሆነ ብዬ በትሕትና ጠየቅኳት።

«ሰቨን ያላችሁት እኮ እናንተ ናችሁ» አለች ሴትየዋ። «ኢሜይላችሁ ላይ ሰቨን ይላል። እኛማ እሑድ በዚያ ማለዳ የሚጸልዩ ምን ዓይነት መንፈሳዊ ሰዎች ቢሆኑ ነው እየተባባልን ነበር። አዳራሹ ቀኑን ሙሉ ባዶ ነው።»

ጋሽ ታደሰ ከወንበራቸው ተነሱ። «ሰባት ሰዓት ብዬ ነዋ የጻፍኩት!» አሉ። «ከምሳ በኋላ! ሰባት ሰዓት ማለት ሰባት ሰዓት ነው!» የእጅ ሰዓታቸውን ከፍ አድርገው አሳዩን። ስድስት ዓመት ሙሉ በሀገር ቤት አቆጣጠር ነበር የሚሞሉት። እሳቸው ከቀትር በኋላ ያለውን ሰባት ሰዓት ጠየቁ፤ ሴትየዋ የንጋቱን ሰቨን ሰጠቻቸው፤ እኛ በመሃል ሁለት ወር ጥቅስ ተወራወርን።

ሳቁን የጀመረችው ሲስተር ወይንሸት ናት። ሳቋም እንደ ድምፅዋ ነው፤ ከረድፍ ወደ ረድፍ ዘለለ። ጋሽ ታደሰ አልሳቁም። ተቀመጡ፣ መሐረባቸውን አውጥተው ግንባራቸውን ጠረጉ፣ ወደኔ አዩ። «ይቅርታ ልጄ» አሉኝ። ይሄንን በማይክሮፎን አልነበረም፤ ከፊት ያለነው ብቻ ነን የሰማነው።

«ፍሪሞንት፣ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት» አልኩ። «የሚደግፍ?» አርባ ዘጠኝ። «የሚቃወም?» አሥራ ሁለት። ደወሌን መታሁት። ሌላ ጥያቄ ያለው ሰው አለ ወይ ብዬ አልጠየቅኩም። ይሄንን በየትኛውም ክላስ አላስተማሩኝም፤ እዚያው ነው የተማርኩት።

ሁሉም ነገር አማረ ብዬ አልዋሻችሁም። አራት የሳን ሆዜ ቤተሰቦች ፍሪሞንት አልመጡም፤ ቤት ለቤት ይጸልያሉ ይባላል። ጋሽ ታደሰ መጥተዋል፤ ግን ለሦስት እሑድ ከኋላ ወንበር ላይ ነበር የሚቀመጡት። ፕሮፌሰሬ ታሪኩን ስነግራት ጽፈሽ አምጪው ብላ ለመነችኝ፤ ስድሳ አንዱም ሰው በስሙ እንዳይጠቀስ ብለው ደግሞ ሽማግሌዎቹ ለመኑኝ፤ ስለዚህ ስሞቹን ቀይሬያለሁ።

የዚያን ቀን ግን ሰው ከወጣ በኋላ ሦስታችን ወንበር ለማጠፍ ቀረን። እማዬ ወለሉን ትጠርጋለች። አባዬ ወንበር እያጠፈ ግድግዳው ላይ ይደረድራል። ብዙ ከደረደረ በኋላ፣ ዞር ሳይል፣ «ለኦክላንድ አወጣሽ» አላት።

«አዎ።»

«ለምን ቤት ውስጥ አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቅከኝማ» አለች። መጥረጊያውን አቆመችው። «ከሥራ ወጥቼ እሑድ እሑድ ወደዚህ ስነዳ እንቅልፍ ይወስደኛል። ባለፈው ሄይዋርድ ጋ መስመር ስቼ አንድ ባለ ከባድ መኪና በጥሩምባ ነው ያነቃኝ።»

አባዬ የያዘውን ወንበር ማጠፉን ትቶ ዘረጋውና ተቀመጠበት። እኔ የምገባበት ጠፍቶኝ የደወሌን ሆድ አጸዳሁ።

«እስኪ ነይ» አለኝ በመጨረሻ። «ያንን የዞረውን ነገር አስረጂኝ።»

ሦስት ወንበር ዘርግቼ በክብ አስቀመጥኩለት። ይሄ ይሄንን ያሸንፋል፣ ያኛው ያኛውን፣ እንዲህ እያለ ይመለሳል። አባዬ በወንበሮቹ መሃል ሁለት ጊዜ ዞረ። ሦስተኛ ጊዜ ሊዞር ሲል ቆመ።

«ታዲያ የማይዞርበት ትክክለኛ ዘዴ የቱ ነው?»

«ሁልጊዜ የሚሠራ ዘዴ የለም ይላሉ። በሂሳብ ተረጋግጧል። ጉድለቱ የሚያንሰውን መፈለግ ነው።»

«የለም ብለው ይነግሯችኋል? በግልጽ?»

«በግልጽ።»

ይሄ በጣም ገረመው። ሦስቱን ወንበሮች አንድ በአንድ አጠፋቸው፤ ወስዶ ከሌሎቹ ጋር ደረደራቸው። «ነርሲንግ ይሻል ነበር» አለኝ። «በሽተኛ ቢያንስ የት እንደሚያመው ይነግርሻል።»

እሺ ልለው አፌን ከፈትኩ። በእውነት እሺ ልለው ነበር።

«ግን ቆዪበት» አለኝ።

እማዬ ጎንበስ ብላ ቆሻሻውን እያፈሰች ነበር። ቀና ሳትል «እሰይ» አለች።